እሬትና የእህቱ በር

ሰውየው በጋዜጣ ላይ ስለ ቴሌቪዥን ይጽፋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም፣ ሌላም አይፈልግም። ሰው ሥራ ውሎ፣ ደክሞት ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ የሚያየውን ነገር እሱ ጫማውን አስሮ፣ ብዕሩን ይዞ፣ እንደ ፈታኝ መምህር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያያል። ዓምዱ «መስኮት» ይባላል። ተዋናዮች ግን ዓምዱንም ሰውየውንም የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ «እሬት»። ስሙን ያወጣችለት አንዲት የድራማ ተዋናይት ናት ይባላል። ታማ ከአልጋ የማትነሣ ሴት ሆና ስትሠራ አይቶ፣ «ቅንድቧ ትናንት የተቀነደበ፣ ጥፍሯ ዛሬ የተቀባ ነው፤ በሽታው የያዛት ከውበት ሳሎን ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጻፈባት። እሷም ጋዜጣውን አጣጥፋ፣ «ይኼ ሰውዬ ቁርሱን እሬት ነው እንዴ የሚበላው?» አለች፤ ስሙ በዚያው ጸድቆ ቀረ። እሱ ብዙም አልከፋውም። እሬት ይመራል እንጂ አይገድልም፣ እንዲያውም መድኃኒት ነው እያለ ይጽናናል። ራሱን ማጽናናት የማያውቅ ሃያሲ በዚህ ሙያ ውስጥ አይሰነብትም።

እሬት በተከታታይ ድራማ ላይ ክፉ ነው፤ ግን ክፋቱ የዘመድ ክፋት ነው። የድሃ ቤት ተብሎ በተሠራ ሳሎን ውስጥ የሀብታም መጋረጃ ተሰቅሎ ካየ አይምርም። በስልክ የሚያወራ ሰው ከወዲያ ማዶ የሚባለውን ሁሉ «ምን? አባቴ ታሟል? ነገ ልምጣ?» እያለ ሲደግም ከሰማ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ምስጢር ሁሉ በር ላይ ተለጥፎ በሚያዳምጥ ሰው የሚወጣበትን አንድ ድራማ ደግሞ፣ «በዚህ ሥራ ውስጥ ከደራሲው ይልቅ የደከሙት በሮቹ ናቸው፤ ደመወዙ ለእነሱ ይሁን» ብሎ ጽፎበታል። እንዲህ እየዘለፈም ድራማን ይወዳል። «ድራማ ገና ሲጀምር የደራሲውን ስም ይነግርሃል። ልዋሽህ ነው፣ ፈቃድህ ከሆነ ተቀመጥ ይልሃል። ከዚያ በኋላ ውሸቱ ጥሩ ከሆነ የገዛ ቤትህን እውነት ይዞልህ ይመጣል» ይላል።

የእውነታ ትርኢት የሚባለውን ግን ዓይኑ ሊያየው አይወድም፤ ሥራው ሆኖበት ነው እንጂ። አንድ ቤት ውስጥ ተዘግተው በጥርስ ሳሙና የሚጣሉትን ወጣቶች፣ ካሜራ ፊት የሚተጫጩትን፣ ተጫጭተው ካሜራው ሲዞር የሚለያዩትን ሁሉ «ደራሲውን የደበቀ ድራማ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ከሁሉም አብልጦ የሚጠላው እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚቀርበውን «በሩ ሲከፈት» የተባለውን ነው።

በዚህ ዝግጅት ላይ ዘመድ የጠፋበት ሰው ይመጣል። ሰማያዊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታሪኩን ይናገራል። ፊት ለፊቱ አንድ ነጭ በር አለ። የዝግጅቱ ሰዎች ለወራት ሲያፈላልጉ ቆይተው ያገኙት እንደሆነ የጠፋው ሰው ከበሩ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል፤ ያላገኙት እንደሆነ ከበሩ ኋላ ምንም የለም። እንግዳው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሙዚቃው ይነሣል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ በሩ ይከፈታል። ዝግጅቱ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚል መፈክር አለው፤ እሬትም «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ብሎ መልሶለታል። ስለ ባዶው በር ሲጽፍ ግን ቀልዱ ሁሉ ይጠፋበታል። አልተገኘም ብሎ በስልክ መናገር ሲቻል እናትን ወንበር ላይ አስቀምጦ ባዶ በር መክፈት የቴሌቪዥን የመጨረሻው ጭካኔ ነው ብሎ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፏል። ገጹን የዘጋው «የሚወድህ ሰው ወደዚያ ወንበር አይወስድህም» በሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። አንባቢ ወደዳት፤ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ቆርጠው የለጠፏትም ነበሩ።

እዚያው ዝግጅት ላይ አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ፍለጋ መጥተው፣ በሩ ባዶውን ሲከፈት ሳቁ። አጭር፣ ደረቅ ሳቅ ነበር። እሬት በማግሥቱ፣ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኚህ አባት ግን እንባ ቢያጥራቸው ሳቅ ይዘው መጡ። ተዋናይ ካልቀረ ልጅ የወለደ ተዋናይ ቢከራዩ ምን ነበረበት?» ብሎ ጻፈ። ያም ተወደደ። ሽማግሌው ያንብቡት አያንብቡት ማንም የጠየቀ የለም።

እሬት የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። «እትዬ» ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፉን አልፈታም ነበር፤ እትዬ ልብስ እየሰፋች፣ በዚያች እግሯ በሚነጫነጭ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ እንዳለች አሳደገችው፣ አስተማረችው። እሱን ለወግ ካበቃች በኋላ ዘግይታ አገባች፣ አንድ ልጅ ወለደች፣ ባሏም ዕድሜ ሳይሰጠው ቀረ። ልጇን «ማሙሽ» ትለዋለች፤ ጢም ካበቀለም በኋላ ማሙሽ ነው። ማሙሽ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ኋላ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ሲደወልለት «ጥሪ አይቀበልም» የምትለዋ ሴት ብቻ ትመልስ ጀመር። እትዬ ያችን ሴት እንኳ ለረጅም ጊዜ ስትደውልላት ኖረች። በዚያው መካከል የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ዓይኗን ቀስ በቀስ ወሰደው፤ መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋባት፣ ቀጥሎ መርፌው፣ ቀጥሎ የስፌት መኪናው። ሐኪሙ በሽታው ከለቅሶ የመጣ አይደለም ቢላትም አላመነችውም።

ስለዚህ ቴሌቪዥኑን አብረው ሲያዩ እሱ ዓይን፣ እሷ ጆሮ ናቸው።

«አሁን ምን እያደረገች ነው?» ትላለች።

«ወደ መስኮቱ ዞረች።»

«ለምን ዞረች?»

«ደራሲው አዟት ነዋ።»

ትስቃለች። እሷ ደግሞ በጆሮዋ የምትይዘው ነገር አለ። «ይቺ ልጅ ቃሉን ቁማ እያነበበች ነው» ትላለች፤ እሬት ሲያይ እውነትም የተዋናይቱ ዓይን ከካሜራው ጎን ካለ አንድ ነገር ላይ ተተክሏል። ግማሹን ዓምድ የምትጽፈው እሷ ናት ማለት ይቻላል። የጋዜጣው ሰዎች ይህን አያውቁም፤ እሱም አልነገራቸውም፤ እሷም ስሜ ይውጣ አላለችም።

የቀረውን ሰኞ ጧት ብቻውን ይሠራል። የእሑዱ ዝግጅት ሰኞ ሲደገም ድምፁን ያጠፋና ፊት ብቻ ያያል። ድምፅ ያባብላል፣ ፊት ግን ብቻውን ሲቀር ይናዘዛል ባይ ነው። «በሩ ሲከፈት»ን እንዲህ ድምፁን ዘግቶ ሲያይ ነው ማንም ያላየውን ያየው። አቅራቢዋ ከበሩ ኋላ ሰው መኖር አለመኖሩን አስቀድማ ታውቃለች። ባዶ በሚሆንበት ቀን፣ ሙዚቃው ከመነሣቱ በፊት፣ የግራ ጆሮዋን ጉትቻ ትነካለች። ሰው በሚወጣበት ቀን አትነካም። ራሷም ሳታውቀው ይሆናል። እሬት ይህን በዓምዱ ላይ አልጻፈውም፤ ቢጽፈው ትተወውና የእሱም ጨዋታ ያከትማል። ለእህቱ ብቻ ይነግራታል።

«ነካች። ባዶ ነው» ይላታል።

«ዝም በል! ይከፈት።»

«አንዴ ካወቅነው እኮ...»

«ይከፈት አልኩህ!»

የዕድሜ ነገር ነው፣ ግትር ሆናለች እያለ ያልፈዋል። በሚቀጥለው እሑድ ግን ደግሞ «ነካች» ከማለት አይመለስም። ሰው ብልኅነቱን የሚያሳየው ሲያጣ ለገዛ እህቱም ቢሆን ያሳያል።

አንድ እሑድ አቅራቢዋ ጉትቻዋን አልነካችም። በሩ ተከፍቶ አንዲት ወጣት ወጣች፤ ወንበሩ ላይ የነበረችው እናት ጩኸቷን ለቀቀችው። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ወለሉ ላይ ወደቁ። እሬት የለመደ ሥራውን ሠራ።

«ሦስት ካሜራ ነው ያጠመዱት። ለቅሶው ሳይታይ የሚቀርበት ጎን የለም» አለ።

እትዬ አልሳቀችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች።

«እኔም ልሂድ» አለች።

«የት?»

«እዚያ ወንበር ላይ።»

እሬት ብዕሩን አስቀመጠ። «እትዬ፣ የጤናሽ ነው? እነዚህ ሰዎች በእንባሽ ሳሙና ነው የሚሸጡበት። አንቺ ስታለቅሺ በመካከል ማስታወቂያ ይገባል።»

«ይሽጡበት። እንባዬ ለምን ሊሆነኝ ነው? ትራስ ከማራስ ሌላ ሥራ የለውም፤ ሳሙና ከሸጠ ይሽጥ።»

«ማሙሽን እነሱ ያገኙታል ብለሽ ነው?»

«አንተ ታገኘዋለህ?»

 መልስ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው ተቆጣ። ስለ ሙያው፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ጻፋቸው ነገሮች ሁሉ አወራ፤ ባዶውን በር አንሥቶ አንድ ገጽ የሚሆን ንግግር አደረገ። እትዬ አዳመጠችው። ሲጨርስ፣ «እሺ» አለችና ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ መኝታ ክፍሏ ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ መጠየቅ ተወች። ድራማው ሲጀምር ከጎኑ ትቀመጣለች፣ ድምፁን ትሰማለች፣ ሲያልቅ ትነሣለች። «ምን አደረገች?» የለም፤ «ለምን ዞረች?» የለም። እሱ ሳይጠየቅ መንገር ጀመረ። «መስኮቱ ጋ ሄደች፣ እትዬ» ሲላት፣ «እህ» ትላለች። ተጣልታው አልነበረም፤ በላህ ወይ ትለዋለች፣ ሲያስለው ሙቅ ነገር ጠጣ ትለዋለች። ዓይኑን ብቻ መለሰችለት። እሬት ያን ሳምንት ለመጻፍ ቢቀመጥ ብዕሩ አልታዘዝ አለው፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ዋና አዘጋጁ፣ «ጋሼ፣ ሰሞኑን ጽሑፍዎ ማር ማር እያለ ነው፤ ታመዋል እንዴ?» አለው። እሬት የሚያመውን ያውቃል። ያሳደገችው ሴት በሕይወቷ ሙሉ አንድ ነገር ብትለምነው ከስሙ ጋር አመዛዝኖ ስሙ ሚዛን ደፍቶበት ነበር። አፈረ።

እትዬን ለማስመዝገብ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ከመሄዱ በፊት ለዋና አዘጋጁ ነገረው። ወጣቱ ዋና አዘጋጅ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ አየው።

«ያችን ዓረፍተ ነገርዎን ምን ልናደርጋት ነው? ግድግዳ ላይ ያለችውን?»

«እዚያው ትቀመጥ። የምሄደው እኔ ነኝ፣ እሷ አትሄድም።»

«በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ ይሉሃል እንዲህ ነው» አለ ዋና አዘጋጁ፤ ግን ሳቁ ደግነት ነበረበት።

የ«በሩ ሲከፈት» ፕሮዲዩሰር ደስታውን መደበቅ እንኳ አልፈለገም። በዓመታት ዘለፋ ያቃጠለው ሰው በገዛ እግሩ መጥቶ ተራ ይዟል! ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጋሼ፣ ቤትዎ ነው» አለው። ስለ ማሙሽ ሁሉንም ጠየቁ፤ ፎቶግራፉን ወሰዱ፣ መጨረሻ የደወለበትን ቁጥር ወሰዱ። ወራት አለፉ። እትዬ ግን ቀጠሮው እንደተያዘ መጠየቅ ጀምራ ነበር፤ «አሁን ምን አደረገች?» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ እሬት ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ መለሰላት።

ቀኑ ደርሶ ተጠሩ። እትዬ ዓይኗ ደኅና ሳለ የሰፋችውን ቀሚስ ለበሰች፤ ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች ስፌቱ አለመተርተሩን አረጋገጠች። «ማሙሽ ይኼን ቀሚስ ያውቀዋል» አለች። ፊት በሚቀቡበት ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ዱቄት ስትነሰንስባት፣ «ለማስጌጥ አይደለም እማማ፣ ለመብራቱ ነው» አለቻት። ፕሮዲዩሰሩ እሬትን ወደ ጎን ጠራው።

«ከጎናቸው ቆመው በሩ ሲከፈት ያዩትን ይነግሯቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ጋሼ፣ ወዲያው አይንገሯቸው። ትንሽ ጸጥታ ይሁን።»

«ልጄ፣ እኔ ያየሁትን ባየሁ ሰዓት ነው የምናገረው። ሠላሳ ዓመት የበላሁት እንጀራ ይኸው ነው።»

«እንዳሉ» አለ ፕሮዲዩሰሩ፤ ፊቱ ላይ ግን እናያለን የሚል ነገር ነበር።

ስቱዲዮው በቴሌቪዥን ከሚታየው ያነሰ ነው። በሩ ከቅርብ ሲታይ ስስ ጣውላ ነው፤ ቀለሙ በማጠፊያው በኩል ተላልጧል፤ እንዳይወድቅ ከኋላው የአሸዋ ከረጢት ተጭኖበታል። መብራቱ እንዳይግል ከላይ የሚነፍሰው የማቀዝቀዣ አየር ቀጥታ እግር ላይ ይወርዳል። እሬት ይህን ሁሉ በዓይኑ ለቀመው፤ ልማድ ነው። እትዬን ሰማያዊው ወንበር ላይ አስቀምጦ ከጎኗ ቆመ። እሷም ክንዱን ያዘች። ጣቶቿ በመርፌ የደነደኑ ናቸው።

ታሪኳን በአጭሩ ተናገረች። አላለቀሰችም። ማሙሽ ሲስል ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሚስል፣ ቤት ሲገባ ከበሩ ውጭ ቆሞ ጫማውን እንደሚያራግፍ ተናገረች። አቅራቢዋ ወደ እሬት ዞረች።

«የሚወድህ ሰው ወደዚያ ወንበር አይወስድህም ብለው ጽፈው ነበር። ዛሬስ?»

 እሬት የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ አማርኛው ያማረ፣ ፕሮዲዩሰሩንም ሸንቆጥ የሚያደርግ። ግን የእህቱ እጅ ክንዱ ላይ ነበረ።

«ጽፌአለሁ» አለ። «ዛሬ የጻፈው ሰው አልመጣም። የእሷ ወንድም ነው የመጣው።»

አቅራቢዋ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ የግራ እጇ ተነሥቶ ጉትቻዋን ነካ።

እሬት አየ። ሙዚቃው ተነሣ፣ መብራቱ ደበዘዘ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ከዝግጅቱ ሠራተኞች በቀር፣ ከበሩ ኋላ ማንም እንደሌለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «ባዶ ነው» የምትለው ቃል ምላሱ ላይ መጣች፤ ስንት እሑድ ቤት ውስጥ ሲላት የኖረው ቃል ነው። ወደ እህቱ ጎንበስ አለ። ፊቷን አየ። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፣ አፏ በትንሹ ተከፍቷል፣ ጆሮዋን ወደ በሩ ጥላለች። ያ ፊት የሚያውቀው ፊት ነበር፤ እሱ ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው የዚያን ዘመኗ እትዬ ፊት ነው። እንደዚያ ፈክታ ካያት ብዙ ዘመን አልፏል። እውነቱን ያወቀ ሰው ሁሉ ወዲያው መናገር አለበት ብሎ ኖሮ ኖሮ፣ ያችን አንዲት ቃል መልሶ ዋጣት።

በሩ ተከፈተ። ኋላው ጥቁር መጋረጃ ነው። የመብራት ገመድ የያዘ አንድ ሠራተኛ ደንግጦ ወደ ጎን ዘለለ። ከዚያ ማንም የለም።

እሬት ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልወጣም።  ፕሮዲዩሰሩ ለምኖ ያጣው ጸጥታ ሳይለምን መጣለት። እትዬ ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«ምን አለ?»

«ማንም የለም፣ እትዬ።»

ራሷን በዝግታ ነቀነቀች። እጇን ከክንዱ ላይ አንሥታ የቀሚሷን ጠርዝ ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«እንግዲያው ዝጉት» አለች። «ብርድ ይገባል።»

ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ። አቅራቢዋ ዓይኗን ጠረገች። እሬት የእሷን እንባ ሳይመረምር ያለፈው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዝግጅቱ እሑድ ሲተላለፍ ቤት ውስጥ ስልኩ መደወል ጀመረ። አይዟችሁ የሚሉ ነበሩ፤ የራሳቸውን የጠፋ ሰው የሚነግሩም ነበሩ። አንዱ ማሙሽን አይቼዋለሁ ብሎ ቁመቱን ሲጠየቅ የሌላ ሰው ሆነ። ማሙሽ አልደወለም። ሰኞ ጧት እሬት ድግሙን ድምፁን አጥፍቶ ለማየት ተቀመጠና መልሶ ዘጋው። ያን ሳምንት «መስኮት» አልወጣም፤ ዋና አዘጋጁ ቦታውን በማስታወቂያ ሞላው። ማስታወቂያው የሳሙና ነበር።

የሌላ ጋዜጣ ሃያሲ ግን ጻፈ። እሬት ኩሽና ውስጥ ቆሞ ለብቻው ሲያነብ እትዬ የወረቀቱን ድምፅ ሰማች።

«ስለኛ ነው? ጮክ በል እንጂ።»

አነበበላት። «ወንድምየው የቆዩት ጸጥታ ትንሽ ረዘመ፤ የተለማመዱት ይመስላል። ‹ብርድ ይገባል› የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የጸሐፊ እጅ አለባት። እናት ልጇን አጥታ ስለ ብርድ አታወራም። ጋሼ እሬት ለእህታቸው ጥሩ አድርገው ጽፈውላቸዋል።»

እትዬ ግራ ገባት። «አንተ ጻፍክልኝ ነው የሚለው?»

«እሱን ነው የሚለው።»

«በእውነት ይበርድ ነበር እኮ! እግሬን ሲቆረጥመኝ ነው የዋለው።»

እሬት ሊስቅ ነበር፤ ግን አንድ የቆየ ሳቅ ትዝ አለውና ሳቁን አቋረጠው። ወደ ክፍሉ ገብቶ የድሮ ጋዜጦቹን አገላብጦ ስለዚያ ሽማግሌ የጻፈውን አገኘ። ቆሞ አነበበው። አገባቡ ያማረ፣ ቃላቱ የተመረጡ ነበሩ፤ አንድ ነጥብ እንኳ የሚነቀልለት አልነበረም። እኚያ ሰውዬ በዚያ ሳቅ ቤታቸው ገብተው ምን ሆነው እንደሆነ አሰበ። ስማቸውን ፈለገ፤ አልጻፈውም። «ተዋናይ» ብሎ ብቻ ነበር የጠራቸው።

ከሰዓት በኋላ ሻይ አፍልቶ ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። ሳይነግራት ማደር አልቻለም።

«እትዬ፣ ያን ቀን አቅራቢዋ ጉትቻዋን ነክታ ነበር። ባዶ መሆኑን አውቄ ዝም አልኩሽ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ።

«እንኳን ዝም አልከኝ» አለች። «ይኼን ሁሉ ዓመት ልጄ የት እንዳለ አላውቅም። ስተኛ አላውቅም፣ ስነሣ አላውቅም። ሞቶ እንደሆን የት አፈር እንደበላው፣ ቆሞ እንደሆን የትኛው መንገድ ላይ እንደቆመ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሙዚቃው ሲነሣ የት እንዳለ አወቅሁ። ከበሩ ኋላ ነበር። ሲስልም ሰማሁት፤ ሁለት ጊዜ ነው የሳለው። ብትነግረኝ ኖሮ ያችንም ትወስድብኝ ነበር።»

እሬት ገመድ የያዘውን ሠራተኛ አስታወሰ። ሰውየው ሲስል አልሰማም፤ ግን ከበሩ ኋላ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ይህን ማወቁ ማንን እንደሚጠቅም አሰበ። ሻዩን ጠጣ። ብርጭቆዋ ሲያልቅ ተቀብሎ አጠበው።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ከሰዓት በኋላ ወንበሯን ራሷ ዳስሳ ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች። «ክፈተዋ፣ ደረሰ እኮ» አለች። እሬት ዛሬ ይቅርብን ሊል ነበር፤ ፊቷን አይቶ ከፈተው። ሰማያዊው ወንበር ላይ የተቀመጠችው እህቷን የምትፈልግ አንዲት ሴት ናት። እሬት ቦርሳዋን እንዴት እንደያዘች፣ ዓይኗን ወዴት እንደጣለች ለእህቱ ነገራት። እትዬ ሁሉንም ጠየቀች፤ ምን ለብሳለች፣ ዕድሜዋ ምን ይሆናል፣ ብቻዋን ነው የመጣችው? እሱም ሁሉንም መለሰ፤ አንዳችም አልቀለደም።

አቅራቢዋ ወደ በሩ ዞረች። የግራ እጇ ተነሣና ጉትቻዋን ነካ። ሙዚቃው ጀመረ።

እትዬ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። እጇ የወንድሟን ክንድ ፈልጎ ያዘ።

«እህስ? ማን መጣ?»

እሬት ነጩን በር አየ፤ ከዚያ የእህቱን ፊት አየ።

«ገና አልተከፈተም፣ እትዬ» አለ።